ሳይቃጠል በቅጠል፦ ራሱን መግታት የሚቸግረው ልጅ



ብዙዎቻችን የሰው ልጅ እናሳድጋለን። ከእነዚህ መካከል ‹‹ተው›› ሲሉት የማይሰማ፣ ተራውን መጠበቅ የማይችል፣ እጃችንን አስለቅቆ ወደ መኪና መንገድ የሚሮጥ፣ ሲናደድም ያገኘውን የሚወረውር ልጅ አይጠፋም። ዕቃ ሲሰበር ወይም ልጁ ሲጎዳ ተጠያቂዎቹ እኛው ነን። ስለዚህ ‹‹ንቆኝ ነው›› ብለን እናዝናለን።

ነገር ግን ሁሉም ልጅ አውቆ አያጠፋም። ከ100 ልጆች 5 ያህሉ የትኩረት ማጣትና የቅብጥብጥነት ችግር እንዳለባቸው ይገመታል። በእነዚህ ልጆች ላይ ድርጊትን የሚገታው የአእምሮ ክፍል ዘግይቶ ይበስላል። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት መዘግየቱ በአማካይ 3 ዓመት ያህል መሆኑን አሳይቷል። ልጁ ሕጉን ያውቀዋል፤ ፍሬኑ ግን ቶሎ አይዝለትም። ታዲያ ካጠፋ በኋላ ከመጮህ ከማጥፋቱ በፊት መቅደም ይሻላል።

1. መንገድ ጋ ሳንደርስ እጁን እንያዝ። የበረንዳውን በር እንቆልፍ፤ ቢላዋ፣ ክብሪትና በረኪና እናርቅ።

2. ከሌላ ክፍል አንጣራ። አጠገቡ ሄደን፣ ዝቅ ብለን፣ ዓይኑን እያየን አንድ አጭር ትእዛዝ ብቻ እንስጠው።

3. ቴሌቪዥኑን በድንገት አናጥፋ። ‹‹5 ደቂቃ ቀረህ›› ብለን አስቀድመን እንንገረው።

4. ተራውን ሲጠብቅ ወዲያውኑ እናመስግነው። የማታ ምስጋና ለእርሱ ሩቅ ነው።

5. ከተናደደ በኋላ ምክር አይገባውም። እንዳይጎዳና እንዳይጎዳን ጠብቀን እስኪበርድለት እንታገሥ። አንምታው፤ ዱላ መማታትን ያስተምረዋል፣ እኛንም በሕግ ያስጠይቀናል።

6. የሆነውን ሁሉ በዕለቱ ለማዳም እንንገራት፦ መቼ፣ የት፣ ከምን በኋላ እንደሆነ። ‹‹ልጅሽ በሽተኛ ነው›› አንበል፤ ይህን የሚለየው ሐኪም ነው። መድኃኒት ከታዘዘለትም ወላጆቹ ከነገሩን መጠን አንጨምር፣ አንቀንስ።

በመጨረሻም፣ አገር ቤት ለአያት ትተናቸው የመጣን ልጆች አሉን። በስልክ ‹‹አመሉ ከፋ፣ አስተማሪው አባረረው›› ሲሉን ‹‹ግረፉልኝ›› ከማለታችን በፊት ይህንኑ እናስብ። አያቱም አስተማሪውም ቢቀድሙት እንጂ ቢገርፉት ፍሬኑ አይበረታም። ችግሩ በቤትም በትምህርት ቤትም ከታየና ለወራት ከቀጠለ ሐኪም እንዲያየው እናድርግ።