«ፉል ኦፕሽን» ያልሆነችው የ3.85 ሚሊዮን ዶላር መኪና

የአዲስ አበባ የመኪና ደላላ ገዢ ሲያግባባ ቀድሞ የሚያነሳው ቃል «ፉል ኦፕሽን» ነው። ኤ.ሲ.፣ የቆዳ ወንበር፣ የጣራ መስኮት አላት ማለቱ ነው። በዓለም የክላሲክ መኪኖች ገበያ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። እዚያ ዋጋ የሚያወጣው የዕቃው ብዛት ሳይሆን፣ ዕቃው መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ የነበረ መሆኑ የሚረጋገጥበት ማስረጃ ነው።

ለዚህ የአሜሪካው ሸቭሮሌ ኮርቬት ጥሩ ማሳያ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1967 ሞዴል 22,940 ኮርቬቶችን ሲያመርት፣ ኤል 88 የተባለ ባለ 7 ሊትር ሞተር በ947 ዶላር ከ90 ሳንቲም ተጨማሪ ክፍያ አቅርቦ ነበር። ሞተሩ የተሠራው ለውድድር በመሆኑ ሸቭሮሌ ተራ ደንበኛ እንዲርቀው የፈለገ ይመስላል። ከ500 በላይ የሆነውን ጉልበቱን 430 የፈረስ ጉልበት ብሎ ሲያስታውቅ፣ ግማሽ ዋጋውን እንኳ ለማይሞላው ኤል 71 ሞተር 435 ጻፈለት። በዚያ ላይ ልዩ ካምቢዮና ጠንካራ ፍሬን አብሮ መግዛት ግዴታ ሲሆን፣ ሬዲዮና ማሞቂያ ጨርሶ አይገጠምም። ብዙ ከፍሎ ያነሰ የሚወስድ ገዢ ከየት ይመጣል? በዚያ ዓመት የተሠሩት 20 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ባሬት ጃክሰን በአሪዞና ስኮትስዴል ባካሄደው ጨረታ ከእነዚህ አንዷ 3.85 ሚሊዮን ዶላር አወጣች።

አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የዚያ ዘመን ኮርቬት የሻንሲ ቁጥር የሞተሩን ዓይነት አይናገርም። ጄኔራል ሞተርስም አሜሪካ ውስጥ ለተሸጡት የእያንዳንዷን ትዕዛዝ የሚያሳይ መዝገብ ለገዢ አያቀርብም። ስለዚህ ሁሉ ነገር የሚወሰነው በሁለት ትናንሽ ምልክቶች ነው፤ ፋብሪካው በነዳጅ ታንኩ ላይ በለጠፈው የትዕዛዝ ወረቀትና በሞተሩ ብሎክ ላይ በተመታው ቁጥር። ወረቀቱ በግማሽ ምዕት ዓመት ይበሰብሳል። ቁጥሩን ደግሞ አጭበርባሪ ሞርዶ እንደገና ሊመታው ይችላል። የሠለጠነ መርማሪ ግን በብሎኩ ገጽ ላይ የፋብሪካው መሣሪያ የተዋቸውን ቀጫጭን መስመሮች ይፈልጋል፤ ከተሞረዱ አይገኙም።

የፎርድ ገዢ ዕድለኛ ነው። ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ያለውን የምርት መዝገብ በኩባንያው ፈቃድ የያዘው ማርቲ አውቶ ወርክስ፣ የሻንሲ ቁጥር ሲነገረው የትኞቹ ኦፕሽኖች እንደታዘዙ በክፍያ ያሳውቃል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ማረጋገጫው ርካሽ ሲሆን የጥርጣሬ ቅናሹም ይጠብባል። የኮርቬት ገዢ ግን ማስረጃ በጎደለ ቁጥር ዋጋ ይሰብራል፣ መኪናዋ እውነተኛ ብትሆን እንኳ። ጉዳቱን የሚሸከመው ሐቀኛው ሻጭ ነው።

የአገራችን ነጋዴ የሻንሲና የሞተር ቁጥርን ከሊብሬ ጋር ማመሳከር ያውቅበታል። ሆኖም ሊብሬው የሚመሰክረው መኪናዋ ዛሬ የያዘችውን ሞተር ነው። ሞተር በሕጋዊ መንገድ ተቀይሮ ከተመዘገበ ለሚነዳት ሰው ችግር የለውም፤ ለሰብሳቢ ግን ሌላ መኪና ሆናለች። አሮጌውን ሞተር ለቁራሌው የሸጠ ባለቤት ምን እንደሸጠ የሚያውቀው ገዢ ሲመጣ ነው።

በተለይ የድሮ ቮልስ ያላቸው ይህን ቢያጤኑ አይከፋም። ዎልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን አውቶ ሙዚየም ፋውንዴሽን፣ መኪናዋ መቼ እንደተመረተች፣ በምን ቀለምና ከየትኞቹ ኦፕሽኖች ጋር እንደወጣች የሚገልጽ «የልደት ምስክር ወረቀት» በክፍያ ሲሰጥ ቆይቷል። ወረቀቱ ለሻጭ ብቻ አያዳላም። ሰማያዊ ሆና የወጣችውን ቮልስ በቀይ ያስቀባ ባለቤት፣ ገዢው ቀድሞ ካወጣው ድርድሩን የሚጀምረው ከዝቅተኛው ዋጋ ነው።