የሂደት ገለጻ ድርሰት፦ የኮሶዬ ዐለት

ሀ. መግቢያ

አንድ ነገር ከምን ተነሥቶ፣ በምን መንገድ አልፎ፣ ከምን እንደ ደረሰ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት የሂደት ገለጻ ይባላል። እንዲህ ያለውን ድርሰት የሚጽፍ ሰው ሁለት ነገሮችን መጠንቀቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ የድርጊቶቹን ተራ እንዳያዛባ፤ ሁለተኛ፣ አንዱ ድርጊት ሌላውን ያስከተለበትን ምክንያት ሳይገልጽ እንዳያልፍ ነው። ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ ተራንና ምክንያትን የሚያመለክቱትን ቃላት ልብ በሉ።

ለ. ምንባብ

ከጎንደር ተነሥታችሁ በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ብትጓዙ ኮሶዬ ትደርሳላችሁ። በዚያ ከአፋፉ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስትመለከቱ፣ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ገደሉ እንደ ደረጃ እየሆነ ወደ ቆላው ሲወርድ ታያላችሁ። ይህ ደረጃ እንዴት ተሠራ?

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚህ አገር ምድር ተሰነጠቀ፤ ከስንጥቁም የቀለጠ ዐለት ገንፍሎ በሰፊው ፈሰሰ። ፍሳሹም ስለ ቀዘቀዘ ጠጠረ፤ ባዛልት የተባለው ጥቁር ድንጋይም ሆነ። ከዚህ በኋላ ሌላ ፍሳሽ መጥቶ በፊተኛው ላይ ተነጠፈ። ይህም ብዙ ጊዜ ስለ ተደጋገመ የንጣፉ ውፍረት በአንዳንድ ስፍራ 2,000 ሜትር ያህል ደረሰ። ጠንካራው ንጣፍ ቀጥ ያለ ገደል፣ ቶሎ የሚፈርሰው ደግሞ መደብ ስለሚሆን ገደሉ ደረጃ መሰለ። ከቅላጭ የተገኘ ዐለት እሳት ወለድ ዐለት ይባላል። የሰሜን ተራሮችም፣ ራስ ዳሽን ሳይቀር፣ ከዚሁ ዐይነት ዐለት የተሠሩ ናቸው።

ይሁን እንጂ ፍሳሾቹ ያለ ዕረፍት አልተከታተሉም። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ በብዙ ቦታ በሁለት ጥቁር ንጣፎች መካከል ቀይ መስመር ይታያል። ይህ መስመር የጥንት አፈር ነው። የታችኛው ዐለት በፀሐይና በዝናብ ፈርሶ አፈር ሆነ፤ ከዚያም አዲስ ፍሳሽ መጥቶ ሸፈነው።

ዐለትን የሚያፈርሰው ኃይል ዛሬም ሥራውን አላቆመም። የቀን ሙቀት ድንጋዩን ያሰፋዋል፤ የሌሊት ብርድ ያኮማትረዋል፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውስጥ ውኃ ይገባል፤ የዛፍ ሥርም ይከተላል። ድንጋዩ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ በመጨረሻም አፈር ይሆናል። የደጋው ገበሬ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት አፈር፣ በሜዳው የተኛው ዋልካም ጭምር፣ ከዚሁ ከባዛልት የተገኘ ነው።

አፈሩ ግን ባለበት አይቀርም። የክረምት ጎርፍ ከአፋፉ ጠርጎ ወደ አርማጭሆ ቆላ ያወርደዋል፤ ወንዞቹም በአንገረብና በአትባራ በኩል ወደ ዓባይ ይወስዱታል። ውኃው ፍጥነቱን ባጣበት ስፍራ የተሸከመውን ይጥላል። ደለል በደለል ላይ ሲከመር የታችኛው በላይኛው ክብደት ይጠብቃል፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ደለል ወለድ ዐለት ይሆናል። በኮሶዬ ገደል የሚታየው እሳት ወለዱ ስለ ሆነ፣ ይህን ሁለተኛ ዐይነት ለማየት በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወዳለው የዓባይ ሸለቆ መውረድ ያሻል። በዚያ ከባዛልቱ ሥር የኖራ ድንጋይ፣ ከእርሱም በታች አሸዋማ ድንጋይ ይገኛል። የኖራ ድንጋዩ አገሩ በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን የተጠራቀመ ነው። በጎንደር የፋሲል ግንብም ሁለቱ ዐይነቶች ተገናኝተዋል፤ ድንጋዩ ባዛልት ሲሆን፣ ያያያዘው ኖራ የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚገኝ ነው።

የኖራ ድንጋይ ደግሞ በምድር ውስጥ ብርቱ ሙቀትና ጫና ቢያገኘው፣ ሳይቀልጥ ባሕርዩን ለውጦ እብነ በረድ ይሆናል። በወለጋና በቤኒሻንጉል የሚገኘው እብነ በረድ እንዲህ ያለ ልውጥ ዐለት ነው። ልውጡም ወደ ጥልቅ ወርዶ ቢቀልጥ፣ እንደ ገና ሲቀዘቅዝ እሳት ወለድ ይሆናል።

እንግዲህ አፈር በዚህ ረጅም ጉዞ ውስጥ አንድ ማረፊያ ነው። ዐለት አፈር እስኪሆን የብዙ ትውልድ ዕድሜ ያልፋል፤ አፈሩን ለማጠብ ግን ጥቂት ክረምቶች ይበቃሉ። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ነው። ስለዚህ በተዳፋት ማሳው ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ በዕድሜው ሁለተኛ የማያገኘውን ሀብት ይጠብቃል።

ሐ. ማብራሪያ

«ፍሳሹ ቀዘቀዘ። ፍሳሹ ጠጠረ።» ብንል ሁለት ድርጊቶችን ነገርን እንጂ ዝምድናቸውን አላሳየንም። «ፍሳሹ ስለ ቀዘቀዘ ጠጠረ» ስንል ግን ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር አገናኘን። በምንባቡ «ከዚህ በኋላ»፣ «ከዚያም»፣ «በመጨረሻም» ተራን፤ «ስለዚህ» ምክንያትንና ውጤትን፤ «ይሁን እንጂ» እና «ግን» ተቃርኖን ያመለክታሉ።

የግሦቹንም ጊዜ አስተውሉ። «ተሰነጠቀ፣ ፈሰሰ፣ ጠጠረ» የተፈጸመ ድርጊትን ይገልጻሉ። «ይሰነጠቃል፣ ይገባል፣ ይበሰብሳል» ግን ዘወትር የሚደረገውን ይናገራሉ። ጸሐፊው ግሡን ቢያቀያይር፣ ዛሬም የሚቀጥለው የዐለት መፍረስ ያለቀ ነገር መስሎ ይታያል።

መ. መልመጃ

1. ባዛልት ደለል ወለድ ዐለት እስኪሆን የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በተራ ጻፉ።
2. ቀዩ መስመር ስለ ፍሳሾቹ ምን ያስረዳል? በሁለት ዐረፍተ ነገር መልሱ።
3. «ጎርፍ መጣ። አፈር ታጠበ። ምርት ቀነሰ።» የሚሉትን በተስማሚ አያያዦች አንድ ዐረፍተ ነገር አድርጉ።
4. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ገደል፣ ወንዝ ወይም ማሳ እንዴት እየተለወጠ እንደ ሆነ በሦስት አንቀጽ የሂደት ገለጻ ድርሰት ጻፉ።