የእናት ቤት አስቀድሞ ለእናት ነው

ወላጆችን ማክበር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በበዓል ቀን መጠየቅን፣ ሲታመሙ ሐኪም ቤት ማድረስን፣ ሲሞቱም በወግ መቅበርን ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን እናት ወይም አባት በሕይወት ሳሉ አእምሮአቸው ቀስ በቀስ ሲደክም ለብዙ ዓመታት የሚጠብቃቸው ማን ነው? ወጪውስ ከየት ይወጣል? በዚህ ትምህርት ይህን ጥያቄ በአዲስ አበባ በልደታ ኮንዶሚኒየም ካለው ኑሮ ጋር አያይዘን እንመለከታለን።

1. በሽታውን ማወቅ

ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት በሽታ የአንጎል በሽታ ነው። እርግማን አይደለም፤ የእርጅና ወግ ብቻም አይደለም። ከዓይነቶቹ ዋነኛው ስሙን ያገኘው በ1906 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው ካስረዳው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2021 እ.ኤ.አ. 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው፤ ከመቶ 60 የሚበልጡትም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። እስከ ዛሬ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም።

ይሁን እንጂ የሚረሳ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ ጉድለት፣ የቫይታሚን እጥረትና ድብርትም መርሳትን ያመጣሉ፤ እነዚህም ሊታከሙ ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ሐኪም ማየት ነው።

2. አንድ ምሳሌ

የልደታ ኮንዶሚኒየም አሮጌ መንደር በፈረሰበት ስፍራ የተሠራ ነው። በዚያ ለሚኖር ለብዙ ቤተ ሰብ ያ ቤት በዕድሜ ልክ ድካም የተገኘ ብቸኛ ትልቅ ሀብት ነው። ለምሳሌ ያህል ባላቸው የሞቱባቸውን አንዲት እናት እናስብ። በአራተኛ ፎቅ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አላቸው። አንዲት ልጃቸው አብራቸው ትኖራለች፤ አንዱ ወንድ ልጃቸው ሐዋሳ ይሠራል፤ ሌላው በውጭ አገር ነው። እናት ምድጃ ሳያጠፉ መውጣት ጀምረዋል። ሕንፃዎቹ ስለሚመሳሰሉም የሌላ ብሎክ ደረጃ ወጥተው የሰው በር ያንኳኳሉ። ልጅቱ እርሳቸውን ለመጠበቅ ሥራዋን ልትተው ነው። በውጭ ያለው “ገንዘብ እልካለሁ” ይላል፤ የሐዋሳው ደግሞ “ቤቱ ይሸጥና ድርሻችንን እንካፈል” ይላል።

የሐዋሳው ልጅ የተናገረው ያለ ሕግ አይደለም። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከነበረ ግማሹ የእናት ነው፤ አባት ሳይናዘዙ ከሞቱ የእርሳቸው ግማሽ ለልጆች ይተላለፋል። ነገር ግን ያው ሕግ ሌላም ይናገራል። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ልጆች የተቸገሩ ወላጆቻቸውን የመቀለብ ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጓል። ቀለብ ሲባልም ምግብ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያ፣ ልብስና ሕክምና ጭምር ነው። እንግዲህ መብት አለ፤ ግዴታም አለ። ድርሻውን ተቀብሎ ግዴታውን ለእኅቱ የሚተው ልጅ ከሕጉ ግማሹን ብቻ አንብቧል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ ኢየሱስ የነቀፋቸው ሰዎች ወላጆቻቸውን ሊረዱበት የሚገባውን ሀብት “ቁርባን” ብለው ሰይመው ከግዴታቸው ያመለጡ ነበሩ። ዛሬም “ውርስ” የሚለው ቃል ያንኑ ሥራ ሊሠራ ይችላል። እናት በሕይወት ሳሉ የእርሳቸው ድርሻ የማንም ውርስ አይደለም፤ የእርሳቸው መጦሪያ ነው።

3. ወጪው ከየት ይምጣ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽተኛውን የሚጠብቅ ዘመድ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ያህል በዚህ ሥራ ያሳልፋል፤ ከዚህም ድካም ከመቶ 70 የሚሆነውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። በዓለም ላይ ከበሽታው ወጪ ግማሽ ያህሉ ይኸው ያልተከፈለበት የዘመድ ጉልበት ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ሲተሳሰብ የልጅቱ ድካም “እርስዋማ እቤት ናት” ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን በብር የሚገመት መዋጮ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የእናት ጡረታ ካለ ይቆጠር። በሩቅ ያሉት ልጆች በየወሩ የሚሰጡት መጠን ተቆርጦ ይጻፍ። አንዱን ክፍል፣ ወይም መላውን ቤት አከራይቶ ለእናት ምድር ቤት መከራየትም ይቻላል፤ ደረጃውም ይቀርላቸዋል። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ከሁለት ዓመትም ሊያንስ አይችልም። እንግዲህ “ለሦስት ወር እንሞክረው” ማለት አይቻልም። ቤቱን መሸጥ የመጨረሻው መንገድ ይሁን፤ ቢሸጥም የእናት ገንዘብ በእናት ስም ይቀመጥ።

እድራችን ታላቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን በአብዛኛው የተቋቋመው ለቀብርና ለሐዘን ነው። ይህ በሽታ ደግሞ ከቀብር በፊት ያሉ ረጅም ዓመታት ነው። እንደ መቄዶኒያ ያሉ ማዕከሎችም ጧሪ ያጡትን ያነሣሉ። ቤትና ልጆች ያሏቸውን እናት ወደዚያ መላክ የሌላውን ምስኪን ስፍራ መያዝ ነው።

4. ቀኑ ሳይመሽ

በበሽታው መጀመሪያ በሽተኛው ገና ያስባል፤ ይመርጣል፤ ይፈርማልም። ይህ ጊዜ ካለፈ አይመለስም። ስለዚህ፦

ሀ. እናት ባሉበት ልጆች ሁሉ ይሰብሰቡ፤ በሩቅ ያለውም በስልክ ይግባ። መጀመሪያ የሚጠየቁት እናት ናቸው፦ “ከማን ጋር መኖር ይፈልጋሉ? ቤቱስ ምን ይሁን?” መልሳቸው ይጻፍ።

ለ. ውክልና የሚሰጡ ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ አይበቃም፤ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ደግሞም ውሉ ሌላ ካልተናገረ በቀር ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። ይህን የሕግ ባለሙያ ጠይቃችሁ አጽፉ።

ሐ. መናዘዝ ከፈለጉ አሁን ይናዘዙ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ይፈረማልም።

መ. ገንዘቡን የሚይዝና ሂሳቡን የሚመረምር አንድ ሰው አይሁን። ወጪው በደብተር ይጻፍ፤ በየሦስት ወሩም ለሁሉም ይነበብ። ይህ ያለመተማመን ምልክት አይደለም፤ የምትጠብቀውን ልጅ ከሐሜት የሚያድን ጋሻ ነው።

ጊዜው ካለፈ ደግሞ በድብቅ ማስፈረም ኃጢአትም ጉዳትም ነው፤ ውሉ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። የቀረው ቀጥተኛ መንገድ ፍርድ ቤት ቀርቦ በሕክምና ማስረጃ ሞግዚት ማሾም ነው። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቢሆንም እናትን ከራሳቸው ልጆችም ይጠብቃል።

5. የማኅበረ ምእመናንና የፕሮጀክት ሠራተኞች ድርሻ

ሽማግሌዎች ለመካፈል ሲጠሩ ብቻ ሳይሆን ቀድመው ይሂዱ። የፕሮጀክት ሠራተኞችም አረጋውያንን ሲጎበኙ ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ከጠየቁ በኋላ “ስለ ቤቱ ተነጋግራችኋል ወይ?” ብለው ይጨምሩ። ነገር ግን ሠራተኛ ወይም ሽማግሌ የበሽተኛውን ገንዘብ አይያዝ፤ ወኪልም አይሁን። ጎረቤቶችም በብሎካቸው ግራ የተጋቡ እናት ሲያዩ እጃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ያድርሱ። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከበሽተኛዋ ጋር ተቀምጦ ልጅቱን ማሳረፍም ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ እርዳታ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በእኛ ማኅበር ውስጥ ብቻዋን ወላጅ የምትጠብቅ ልጅ አለችን? ባለፈው ወር ማን አሳረፋት?

ለ. በምሳሌው ያሉት ሦስት ልጆች ቢመጡላችሁ ለእያንዳንዳቸው ምን ትላላችሁ? እናትስ ምን እንዲናገሩ ትጠይቋቸዋላችሁ?

ሐ. እድራችን ከቀብሩ መዋጮ ጥቂቱን ለሕያዋን መጠበቂያ ሊያውል ይችላልን?

መ. እያንዳንዳችን በዚህ ወር ከወላጆቻችን ወይም ከልጆቻችን ጋር ስለ ቤታችን የምንነጋገርበት ቀን መቼ ነው? ቀኑን ጽፋችሁ ውጡ።