አብሽ፣ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ እና የስኳር መድኃኒትዎ

በፋርመርስ ብራንች የሚኖሩና የስኳር ሕመም ያለብዎት ከሆኑ፣ ለስኳር ብለው አብሽ፣ ሽፈራው (ሞሪንጋ) ወይም ጥቁር አዝሙድ ይወስዳሉ? ለሐኪምዎ ይንገሩ። ማንም አይቆጣዎትም።

ለምን መንገር ያስፈልጋል?
ዕፅዋት ኃይል አላቸው። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ኪኒን የተሠራው ጋሌጋ ከሚባል ተክል የተገኘን ንጥረ ነገር መነሻ በማድረግ ነው። ኪኒኑ ግን መጠኑ ተለክቶ፣ ጥቅሙና ጉዳቱ ተፈትኖ በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። በሱቅ የሚሸጡ የዕፅዋት እንክብሎች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት እንዲህ ያለ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።

አደጋው
አብሽ በብዛት ሲወሰድ የደም ስኳርን ሊቀንስ ይችላል። ከኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊፒዛይድ ካለ ኪኒን ጋር ሲደመር ስኳርዎ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ምልክቶቹ፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት።

ስኳርዎ ከወረደ
• ግማሽ ኩባያ የፍራፍሬ ጭማቂ ይጠጡ።
• ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙ።
• ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ። ወደ 911 ይደውሉ።

ምን ያድርጉ?
• ኪኒንዎን ወይም ኢንሱሊንዎን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ፤ አይቀንሱም።
• በወጥ ውስጥ የሚገባ ጥቂት አብሽ ብዙውን ጊዜ አያሳስብም። እርጉዝ ከሆኑ ግን ከምግብ መጠን በላይ አይውሰዱ።
• ወደ ክሊኒክ ሲሄዱ የሚወስዱትን ዱቄት ወይም እንክብል ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ።
• የአማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጉ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ።