ስንት ኢንች ቲቪ ልግዛ? ስለ ዓይን፣ ስለ አንገትና ስለ ልጆቻችን ደህንነት

 

ሰሞኑን አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «ዶክተር፣ ባለቤቴ 65 ኢንች ቲቪ ካልገዛን ብሎ ይዞኛል። እኔ ደግሞ የልጄ ዓይን እንዳይጎዳ ፈራሁ። አሁን ያለንን 32 ራሱ አፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ ተጠግቶ ነው የሚያየው። ምን ይመክሩኛል?»

«ሐኪም ስለ ቲቪ ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ሕክምና ትምህርት ቤት ስገባ ስለ ኢንች እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን ቲቪ ከዓይን፣ ከአንገት፣ ከእንቅልፍ ጋር ይገናኛል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰውን፣ ድንገተኛ ክፍል ያየሁትን ነገር፣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። እባካችሁ እዚያ ሳትደርሱ አትውጡ፤ በተለይ ቤታችሁ ትንሽ ልጅ ካለ።

መጀመሪያ የዓይኑን ነገር እንጨርስ። «ቲቪ አትጠጋ፣ ዓይንህ ይጠፋል!» ሳይባል ያደገ ከመካከላችን ማን አለ? ይህ ፍርሃት ሙሉ በሙሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ውስጥ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ካመረታቸው ትልልቅ ባለ ቀለም ቲቪዎች ብዙዎቹ ከሚፈቀደው በላይ ኤክስሬይ እንደሚያወጡ ታወቀና ኩባንያው ሊያስተካክላቸው ተገደደ። «ራቅ ብላችሁ እዩ» የሚለው ምክር የዚያን ጊዜ ትርጉም ነበረው። ዛሬ የምንገዛቸው ስስ ቲቪዎች ግን ያ የመስታወት ቱቦ የላቸውም፤ ኤክስሬይም አያወጡም።

ስለዚህ ቲቪን ተጠግቶ ማየት ዓይን ያደክማል፣ ያደርቃል እንጂ አያጠፋም። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን መርገብገብ እንቀንሳለን፤ እንባችን ይተንና መቆርቆር፣ ማቃጠል፣ አንዳንዴም ብዥታ ይመጣል። እረፍት ስንወስድ ይሻለናል።

ግን እዚህ ጋ ልብ በሉ። ልጅ ሁልጊዜ ቲቪ ላይ ከተለጠፈ ጥያቄው መገልበጥ አለበት። ቲቪው ዓይኑን እያበላሸው ነው ከማለት በፊት፣ ዓይኑ ከሩቅ ስለማያይለት ይሆን የሚጠጋው ብላችሁ ጠይቁ። ማዮፒያ የሚባለው ችግር፣ ማለትም ቅርቡ ጥርት ብሎ ሩቁ የሚደበዝዝበት፣ ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት ዕድሜ ነው የሚጀምረው። ልጁ ደግሞ «አይታየኝም» አይላችሁም። ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ነው የሚመስለው። ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ ከሆነ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለውን ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ከሆነ፣ ቲቪ ሲያይ አንገቱን የሚያጣምም ከሆነ ሶፋው ላይ ተቀመጥ ብሎ መቆጣት መፍትሔ አይሆንም። ዓይኑን አስመርምሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቲቪ ይጎዳዋል ብለው ልጃቸውን በስልክ የሚያባብሉ ወላጆች አሉ። ከዓይን አንጻር ይሄ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ስልክ ከዓይን 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ይያዛል፤ ቲቪ ደግሞ 2 ሜትር ላይ። ለዓይን ጡንቻ የቅርቡ ነው ከባዱ ሥራ። ምርጫው ከሁለቱ አንዱ ከሆነ እኔ ቲቪውን እመርጣለሁ፤ ከሁለቱም የሚበልጠው ግን ከቤት ውጪ፣ በቀን ብርሃን መጫወት ነው። በቀን 2 ሰዓት ያህል ደጅ መዋል ልጆች ማዮፒያ እንዳይጀምራቸው እንደሚያግዝ በተለይ በምሥራቅ እስያ በተሠሩ ጥናቶች ታይቷል። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ለዚህ በቂ ነው።

አሁን ወደ ኢንቹ። ኢንች የሚለካው ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ፣ በሰያፍ ነው። 55 ኢንች ማለት ሰያፉ 140 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 122፣ ቁመቱ 68 ገደማ ነው። ሱቅ ውስጥ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ አዳራሹ ሰፊ ስለሆነ 65ቱ ትንሽ ይመስላችኋል፤ ቤት ገብቶ ሲከፈት ነው ግድግዳውን የሚውጠው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሜትር ያዙና የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ከዓይናችሁ እስከ ቲቪው የሚሆንበት ቦታ ያለውን ርቀት በሳንቲ ሜትር ለኩና ለ4 አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ለዓይን የሚመቻችሁ ኢንች ነው። 220 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 55፤ 175 ከሆነ 43፤ 130 ከሆነ 32። ፊልም ወዳጆችና ትልቅ ካልሆነ አይታየንም የምትሉ ለ3 ማካፈል ትችላላችሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ስክሪኑን ለማየት ጭንቅላታችሁን ከግራ ቀኝ ማዞር ትጀምራላችሁ፤ የኳስ ጨዋታ ካለቀ በኋላ አንገታችሁ ይነግራችኋል።

ስህተት የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ ከግድግዳ ግድግዳ ሲለካ ነው። ሳሎኑ 3 ሜትር ነው እንበል። የሶፋው ጥልቀት ሲቀነስ፣ የቡፌው ወይም የስታንዱ ስፋት ሲቀነስ የሚተርፈው 2 ሜትር ገደማ ነው። ለ4 ስታካፍሉት 50። ዲሽ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ቻናሎች ደግሞ 4ኬ አይደሉም፤ ትልቅ ቲቪ ላይ ከቅርብ ስታዩት ምስሉ ይሻክራል፤ ዓይንም ለማጥራት ይታገላል። ግራ ከገባችሁ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ወርዱንና ቁመቱን አስምሩና ሁለት ቀን ተቀምጣችሁ እዩት። (የሐኪም ነገር፣ መፍትሔው ሁሉ ፕላስተር ነው።)

ከመጠኑ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፍታው ላይ ነው። ቤታችሁ ያለውን ቲቪ አስቡት፤ እንደ ፎቶ ከፍ ተደርጎ አይደል የተሰቀለው? ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለል 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የስክሪኑ መሃል እዚያው አካባቢ፣ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ መሆን አለበት። ለ55 ኢንች ይሄ ማለት የታችኛው ጠርዝ ከወለል 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ነው። ቀና ብለን ለሰዓታት ስናይ የአንገት ጀርባ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ማታ ላይ ራስ ምታት ሆኖ ይመጣል። ዓይናችንም በሰፊው ስለሚከፈት ቶሎ ይደርቃል። መጅሊስ ላይ የምትቀመጡ ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁ ከሶፋው ዝቅ ስለሚል ቲቪውም አብሮ መውረድ አለበት። ያኔ ግን የልጅ እጅ ይደርስበታል፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ስለ ብርሃን ብዙ አልልም። ቲቪው ከመስኮት ትይዩ አይሁን፤ ያንጸባርቃል። ማታ መብራት ሁሉ አጥፍቶ ማየትም ዓይን ያደክማል፤ ከቲቪው ጀርባ ወይም ጎን ደብዘዝ ያለ መብራት ይኑር። ሱቅ ውስጥ እንዲደምቅ ተብሎ የተስተካከለውን ብርሃን ቤት ስታስገቡ ቀንሱት። መኝታ ቤት ቲቪ ባይገባ እመርጣለሁ፤ እንቅልፍ አጣሁ ብለው የሚመጡ ሰዎችን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ይሄንን ነው።

ቤታችሁ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ የቲቪው መጠን የምር የሕክምና ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ከመቶ ከ3 እስከ 5 የሚሆኑትን ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ይቀሰቅስባቸዋል። በታኅሣሥ 1997 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የፖኪሞን ካርቱን አንድ ክፍል ላይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት ሲፈራረቅ 700 የሚጠጉ ተመልካቾች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ሆስፒታል ሄደዋል። ስክሪኑ የእይታችንን ሰፊ ቦታ በያዘ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ቤት አነስ ያለ ቲቪ፣ ራቅ ብሎ መቀመጥና መብራት የበራበት ክፍል። መድኃኒቱን ደግሞ በፍጹም እንዳታቋርጡ።

አሁን ያልኳችሁ ጋ ደረስን።

አንድ እሑድ ማታ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። አንድ አባት የ3 ዓመት ልጅ ታቅፎ እየሮጠ ገባ። እናትየው በነጠላ ጫማ፣ አንዱ እግሯ ላይ ብቻ። ቤታቸው አዲስ ስስ ቲቪ ገዝተው ሳሎን አድርገዋል፤ ጀርባው የወጣው የድሮው ቲቪ ደግሞ መጣል አሳዝኗቸው ለልጆቹ ካርቱን ይሆናል ብለው መኝታ ቤት ባለ መሳቢያ ኮመዲኖ ላይ አስቀምጠውታል። ሪሞቱ ላዩ ላይ ነበር። ልጁ መሳቢያዎቹን ሳበና እንደ ደረጃ ወጣባቸው። ኮመዲኖው ወደ ፊት ተደፋ።

እነዚያ የድሮ ትልልቅ ቲቪዎች 40 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናሉ። ክብደታቸውም ያለው ከፊት፣ ከመስታወቱ በኩል ነው። የ3 ዓመት ልጅ ደግሞ 14 ኪሎ ገደማ ነው። ያ ልጅ ተረፈ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ስለነበር ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ሪፈር ጽፈን በአምቡላንስ ሸኘነው፤ ከወራት በኋላ በእግሩ እየሄደ አይቼዋለሁ። አባትየው ግን ያን ቀን ደጋግሞ የሚለው «አጠገቡ ነበርኩ እኮ» ነበር። ውሸቱን አይደለም። በሩ ላይ ነበር። ቲቪ ለመውደቅ ሁለት ሰከንድም አይፈጅበትም።

ስሱ ቲቪም ከዚህ ነፃ አይደለም። 55 ኢንች 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የሚቆመው በሁለት ቀጫጭን እግሮች ነው፤ ልጅ ጠርዙን ይዞ ከጎተተው ወደ ፊት ይመጣል። ስለዚህ፦ ከቲቪው ጀርባ አራት የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። በእነሱ በኩል በጠንካራ ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር እሰሩት። ቡፌውንም፣ ኮመዲኖውንም ከግድግዳ ጋር አያይዙ። ሪሞት፣ መጫወቻ፣ ብስኩት ቲቪው አጠገብ ወይም ላዩ ላይ አታስቀምጡ፤ ልጅን የሚጠራው እሱ ነው። ገመድ ተንጠልጥሎ አይታይ። ለበዓል ቄጠማ ጎዝጉዛችሁ ረከቦት ስትዘረጉም ከሰሉና ዕጣኑ ከቲቪው ገመድና ከማከፋፈያው ይራቅ።

ግድግዳ ላይ መስቀል ለልጅ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ በትክክል ከተሰቀለ። የብዙ ኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳ ውስጡ ባዶ ብሎኬት ነው። ተራ ፊሸርና ቪት ባዶው ላይ ከገባ ለጊዜው የያዘ ይመስልና ቀስ በቀስ ይላላል። ሰቃዩን ባለሙያ «ምን ላይ ነው የበሳኸው?» በሉት። ለባዶ ብሎኬት የሚሆን ፊሸር መጠቀሙን እዩ፤ ከተቻለ ደግሞ የኮንክሪት ኮለን ያለበት ቦታ ይመረጥ። ጂብሰም ላይ ብቻ ከሆነ አይሆንም። ብራኬቱ ከታሰረ በኋላ ቲቪው ሳይሰቀል ባለሙያው በሙሉ ክብደቱ ወደ ታች ይጎትተው። የሚነቀል ከሆነ በሱ እጅ ይነቀል።

እንዳያደርገውና ልጅ ላይ ቲቪ ወይም ከባድ ዕቃ ቢወድቅ፣ አልቅሶ ዝም ቢልም ለሐኪም አሳዩት። ራሱን ከሳተ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሊነቃ በማይችል ሁኔታ እንቅልፍ ከጣለው፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውሃ መሳይ ፈሳሽ ከወጣ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ አንድ ጎኑ ከደከመ አንድም ደቂቃ አትጠብቁ። ሆዱ ላይ ወድቆበት ከሆነ ደግሞ መገርጣትና የሆድ መወጠር የውስጥ መድማት ምልክት ሊሆን ይችላል። አትነቅንቁት፣ የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ስለ ሰዓቱ ለምትጠይቁኝ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት፣ ባነሰ ቁጥር የተሻለ። ሠራተኛዋ ምሳ እስክትሠራ፣ እናት ከሥራ እስክትመለስ እያልን ስንቆጥረው ይህ 1 ሰዓት በጠዋቱ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ቢያንስ ማንም ሳያየው ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮኸውን ቲቪ አጥፉት፤ እሱም ይቆጠራል።

አባት እናት ለሚጦሩ ደግሞ አንዲት ነገር። ቲቪው ደብዝዞባቸዋል ብላችሁ ትልቅ ከመግዛታችሁ በፊት ለንባብ የተሰጣቸውን መነጽር አድርገው እያዩ እንዳይሆን አረጋግጡ፤ በንባብ መነጽር ቲቪ ብዥ ነው የሚለው። ስኳር ካለባቸው የእይታ መለዋወጥ የስኳሩ መዛባት ወይም የዓይን ውስጥ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ምርመራ። ድምፁን በየጊዜው ከፍ ካደረጉት ጆሯቸው ይታይ።

የጠየቁኝ እናት እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ለኩት፤ ከሶፋ እስከ ቲቪው 1 ሜትር ከ80 ሆነ። ለ4 ሲካፈል 45፣ ለ3 ቢካፈል እንኳ 60፤ 65 በዚሁ ቀረ። 50 ገዝተው ግድግዳው ላይ፣ ኮለኑ ላይ አሰቀሉት። ባልየው እስካሁን አኩርፎ ከሆነ ይቅርታ ይደረግልኝ። ልጁ ደግሞ ዓይኑን ታይቶ ለሁለቱም ዓይኑ መነጽር ታዘዘለት። አሁን ሶፋው ላይ ተደግፎ ነው የሚያየው አሉኝ።