የሳይንስ ትምህርት፦ እጅ የማይደርስበት ቧንቧ



የውሃ ቧንቧ ሲያፈስ ጠጋኙ ምን እንደሚያደርግ አይታችሁ ይሆናል። ውሃውን ይዘጋል፤ የተበላሸውን ቆርጦ ያወጣል፤ አዲሱን ይገጥማል፤ በመጨረሻም እንደማያፈስ ይፈትሻል። ጠጋኙ ቧንቧው አጠገብ መድረስ ባይችልስ? ዛሬ የምንማረው ስለዚህ ነው።

ፊውዥን የቀላል አተሞች አስኳሎች ተዋሕደው ኃይል የሚሰጡበት ሂደት ነው። ፀሐይም ኃይሏን የምታገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን በምድር ላይ ለማድረግ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የተባሉት የሃይድሮጅን ዓይነቶች ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃሉ። የጋለው ጋዝ ግድግዳውን እንዳይነካ በማግኔት ይያዛል። ቢሆንም ግድግዳው በጣም ስለሚሞቅ፣ በትልቅ ሪአክተር ውስጥ ማቀዝቀዣ ውሃ በቧንቧ ይዘዋወራል። የሪአክተሩ ውስጥ አየር የሌለበት ስለሆነ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ሥራውን ሁሉ ልታስቆም ትችላለች።

ታዲያ ሰው ገብቶ ለምን አይጠግንም? ከውህደቱ የሚወጡት ኒውትሮኖች ብረቱን ራሱን ጨረር አመንጪ ያደርጉታል። ሪአክተሩ ቢጠፋም ጨረሩ ወዲያው አይጠፋም።

በእንግሊዝ አገር በከልሃም ከ1983 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. የሠራው ጄት የተባለው ማሽን አንድ መፍትሔ አሳይቷል። በ1997 በትሪቲየም ከተደረገው ሙከራ በኋላ፣ በ1998 የማሽኑ የታችኛው ክፍል ሰው ሳይገባ ተለወጠ። ሥራውን የሠራው ማስኮት የሚባል ሁለት እጆች ያሉት መሣሪያ ነው። ሠራተኛው በሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ በቴሌቪዥን እያየ ያንቀሳቅሰዋል። መሣሪያው አንድ ነገር ሲነካ ወይም ሲገፋ፣ ግፊቱ በሠራተኛው እጅ ላይ ይሰማል።

ቧንቧ መቀጠል ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሁለቱ ጫፎች በትክክል ካልገጠሙ ብየዳው አይይዝም። ስለዚህ ቧንቧው ውስጥ ገብተው በሌዘር የሚቆርጡና የሚበይዱ መሣሪያዎች ሲጠኑና ሲሠሩ ቆይተዋል። ብየዳውን ለመፈተሽ ሂሊየም ጋዝ ይጠቅማል፤ አተሙ በጣም ትንሽ ስለሆነ ዓይን በማያየው ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል፣ መለኪያውም ያገኘዋል።

ከዚህ የምንረዳው ጥገና የሚታሰበው ዕቃው ከተበላሸ በኋላ ሳይሆን ገና ሲነደፍ መሆኑን ነው። መሣሪያ በማይደርስበት ቦታ የተዘረጋ ቧንቧ ካፈሰ የሚያድነው የለም።

መልመጃ

1. ሪአክተሩ ከጠፋ በኋላ ሰው ወደ ውስጥ የማይገባው ለምንድን ነው?
2. ቀዳዳ ለመፈለግ ሂሊየም የተመረጠው ለምንድን ነው?
3. በሁለት እጃችሁ ሁለት ሁለት እንጨት ይዛችሁ፣ በጣታችሁ ሳትነኩ እስክሪብቶ ለመክደን ሞክሩ። ክዳኑ መግጠሙን በእንጨቱ በኩል እንዴት አወቃችሁ?

ወላጆች ሆይ፣ ሦስተኛውን ከልጆቻችሁ ጋር አብራችሁ ሞክሩት።