ውጤቱን ሳያዩ ማሰረዝ

ጥያቄ፦
የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ባለፈው ቅዳሜ የኮሌጅ መግቢያውን ፈተና ኤስ.ኤ.ቲ. ተፈትኖ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። እንግሊዝኛው ደህና እንደነበር፣ የሒሳቡ ሁለተኛ ክፍል ግን ቤት ከተለማመደው ጋር ፈጽሞ የማይገናኝና በጣም የከበደ እንደነበር ነገረን። ጓደኞቹ «ሐሙስ ሳያልፍብህ አሰርዘው» ብለውታል። እኔም ልክ መሰለኝ፤ መጥፎ ውጤት መዝገብ ላይ ተጽፎ ከሚቀር ቢጠፋ ይሻላል ብዬ። ባለቤቴ ደግሞ «ልጁ ለፍቶበታል፣ መጀመሪያ ውጤቱን እንየው» ትላለች። ምን ይመክሩናል?
አንድ አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦
ወንድሜ፣ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። እንዳያሰርዝ። ሐሙስ ሳይደርስ ይህንኑ በስልክ ነግሬዎታለሁ፤ ምክንያቱን እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው በየፈተናው ሰሞን ያንኑ ጥያቄ የሚያነሱ ወላጆች ስለማይጠፉ ነው።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ማሰረዝ የሚፈቅደው ከፈተናው በኋላ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ለተፈተነ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሐሙስ እኩለ ሌሊት። ውጤቱ የሚወጣው ግን ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ የሚያሰርዝ ልጅ የሚያሰርዘው ውጤቱን ሳይሆን የቅዳሜ ከሰዓት ስሜቱን ነው። አንዴ ከተሰረዘ በኋላ «ለካ ስንት አምጥቼ ነበር?» ብሎ መጠየቅም፣ ማስመለስም የለም። የተከፈለው ገንዘብ አይመለስም። ሒሳቡን ብቻ ነጥሎ ማሰረዝም አይቻልም፤ ደህና ነበር ያለው እንግሊዝኛ አብሮ ይሄዳል።

ከደብዳቤዎ ይበልጥ ዓይኔን የሳበው ግን «ሁለተኛው ክፍል ከበደ» የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2024 የጸደይ ወራት ጀምሮ ፈተናው በኮምፒውተር ሆኗል። ሒሳብ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ ነው፤ ይህም ሁለት ሞጁል ተብሎ እኩል ይከፈላል። የመጀመሪያው ሞጁል ቀላልም መካከለኛም ከባድም ጥያቄ የተቀላቀለበት ነው። ሁለተኛው የሚመረጠው ተማሪው በመጀመሪያው በሠራው ልክ ነው፤ በደንብ ለሠራ ከባዱ፣ ላልሠራ ቀላሉ ይመጣለታል። ቀላሉ የደረሰው ልጅ ከተወሰነ ነጥብ በላይ መውጣት አይችልም። እና የእርስዎ ልጅ «ጭራሽ የማላውቀው መጣብኝ» ብሎ የተደናገጠው መጀመሪያውን ጥሩ አድርጎ ስለሠራ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ የትኛው ሞጁል እንደደረሰው ስለማይነግረው እርግጡን ማወቅ አይቻልም። ግን እስቲ ያስቡት፤ ልጅ ለማሰረዝ የሚቸኩለው የተሻለ ውጤት በሚያመጣበት ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ በየሞጁሉ ለወደፊት ፈተና የሚሞከሩ፣ ነጥብ የማይያዝባቸው ሁለት ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ያ እንቅልፍ የነሳው ጥያቄ ከእነዚህ አንዱ ቢሆንስ?

«መዝገብ ላይ ይቀራል» ወዳሉት ልምጣ። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም፤ እኛ ማትሪክ ያሳደገን ነን። አገር ቤት በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር የደነገጠው ተማሪው ብቻ አልነበረም፤ ወላጁም ጭምር ነው። እዚያ አንድ ወረቀት የት እንደሚመደቡ ይወስናል። ኤስ.ኤ.ቲ. እንዲያ አይደለም። ልጁ ደጋግሞ መፈተን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የትኛውን ቀን ውጤት እንደሚልክ የሚመርጠው ራሱ ነው። ያልላከውን ዩኒቨርሲቲው አያየውም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህም አልፈው ከአንዱ ቀን እንግሊዝኛውን፣ ከሌላው ቀን ሒሳቡን ወስደው ከፍተኛውን ይደምሩለታል። ስለዚህ ሒሳቡ እንዳለው ቢበላሽ እንኳ የቅዳሜው እንግሊዝኛ ነሐሴ ላይ ደግሞ ተፈትኖ ከሚያመጣው ሒሳብ ጋር ሊቆጠርለት ይችላል።

«ሁሉንም ላኩ» የሚሉ የሉም? አሉ። ለአካባቢያችሁ ቅርብ የሆነው ጆርጅታውን የተፈተኑትን ሁሉ ከሚጠይቁት ነው። ልጁ ዓይኑን እዚያ ከጣለ ማሰብ ተገቢ ነው፤ ያም ሆኖ እነሱም ቢሆኑ የሚመዝኑት ከፍተኛውን ነው። በተቃራኒው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (በርክሊም ሎስ አንጀለስም) ለቅበላ የኤስ.ኤ.ቲ. ውጤት ጭራሽ አያይም።

እኔ አሰርዝ የምለው ፈተናው መሐል ታሞ ለወጣ፣ ወይም ግማሹን ሳይነካ ሰዓት ላለቀበት ልጅ ነው፤ እሱም የሚያመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም የሚጠይቅ ከሆነ። «ከበደኝ» ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ከማሰረዙ ይልቅ አሁኑኑ የሚታይ ሌላ ነገር አለ። ልጁ ሲመዘገብ ውጤቱ በነፃ እንዲላክላቸው እስከ አራት ዩኒቨርሲቲ መምረጥ ይችል ነበር። መርጦ ከሆነ ውጤቱ ሲወጣ ቀጥታ ወደ እነሱ ይሄዳል። ከፈተናው ቀን አንስቶ ዘጠኝ ቀን ሳይሞላ አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ስሞቹን ማውጣት ይችላል። ነፃ ስለሆነ ብቻ ሞልተውት የሚረሱት ብዙዎች ናቸው፤ እኔን ቢጠይቁኝ አሥራ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ባዶውን ቢተወው ይሻላል። ሌላም፦ አንዳንድ ሃይስኩሎች የፈተና ውጤትን ትራንስክሪፕት ላይ ያትማሉ። የልጁ ትምህርት ቤት እንደዚያ የሚያደርግ ከሆነ እንዲያነሱለት መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ካውንስለሩን ይጠይቁ።

እዚያው ካውንስለሩ ጋ እያሉ ሌላም ይጠይቁልኝ። የቤተሰቡ ገቢ ዝቅ ያለ ከሆነ ልጁ ኤስ.ኤ.ቲ.ን ሁለት ጊዜ በነፃ መፈተን ይችላል፤ ውጤት ለመላክም አይከፍልም። ይህን ለመጠየቅ አፍረው ከኪሳቸው የሚከፍሉ የአገራችን ሰዎች ያሳዝኑኛል። የነሐሴውን ፈተና ቢመዘገብና ውጤቱን ጠብቆ ቢለማመድ፣ ከታች ወደ ላይ ለመውጣት ጊዜ አለው፤ ቀደም ብሎ ለማመልከት የመጨረሻው ቀን ብዙ ቦታ ኅዳር አንድ በፈረንጅ ነው። ልምምዱን ፈተናው በሚሰጥበት በብሉቡክ መተግበሪያ ላይ ይሥራ፤ ሙሉ ፈተናዎች በነፃ አሉ፣ ሁለተኛው ሞጁል ሲከብድም እዚያው ይለምደዋል።